ለሕመም ስድስት ወር፣ ለሞት ወዲያው

ከተክለ ሃይማኖት ለቀን ልደታ የገባን ሰሞን፣ ዕቃችን ገና ከጆንያ ሳይወጣ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የትኛው እድር ልትገቡ ነው?» ስምሽ ማን ነው ያለኝ የለም። ከየት መጣሽ ያለኝ የለም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ያናድደኛል። ገና ምድጃዬን ሳልተክል ስለ መቀበሪያዬ ለሚያወራኝ ሰው ምን ብዬ ልመልስ?

ገብረየሱስ ግን ይስቅብኝ ነበር። «አንቺ ደግሞ! ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብለው ነው እኮ፤ ደግነት ነው» ይለኛል። ባሌ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጅ አልሰጠንም፤ ያለችን አንዲት የስፌት መኪና ናት። እሷንም «ልጄ» እያለ ነው የሚጠራት። ማታ ሥራ ሲጨርስ ዘይት ጠብ ያደርግላትና ጨርቅ ያለብሳታል፤ እኔን ግን ብርድ ልብሱን ገፎኝ ይተኛል። የድሮው ቤታችን ግድግዳ ሲናድ ቀበሌ ይቺን ልደታ ያለችውን አንድ ክፍል ሰጠን። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ ቢሆንም ተመስገን ብለን ገባን። አሥረኛው የአብዮት በዓል ባለፈ በወሩ ነው፤ በየአጥሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ገና አልተቀደደም ነበር።

እድር መግባት እንዳለብን እኔም አላጣሁትም። ወር በወር ትከፍላለህ፣ ሰው ሲሞትብህ ድንኳኑ ይመጣል፣ አግዳሚው ይመጣል፣ ሰዉ ይመጣል፣ በእጅህም ገንዘብ ያስይዙሃል። እኛ ግን ያን ጊዜ የቸገረን ሞት አልነበረም። ገብረየሱስ ታሞ ነበር።

ሕመሙን ስሙን ብጠራው በሕይወት ቢኖር ይገለኝ ነበር። ቡአ ነው። አንጀቱ ብሽሽቱ ላይ ወርዶ እንደ እንቁላል ይቆማል። ሲጋደም ይመለሳል፤ ሲያስለው፣ ዕቃ ሲያነሳ፣ አንዳንዴ ሲስቅ እንኳ ተመልሶ ይወጣል። ዓመት ሙሉ እኔን ሚስቱን ደብቆኝ ኖረ፤ በምን ዓይነት ጥበብ እንደደበቀኝ እግዜር ይወቅ። አንድ ቀን ውሃ የሞላ ባልዲ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ እንደዚያው ሲቀር ነው የያዝኩት። እየተሳደብኩ፣ እያለቀስኩ፣ እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሁት። አየውና «ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» አለን። «ከባድ ኦፕራሲዮን አይደለም፤ አትፍሩ። ግን ሳይታነቅ መሠራት አለበት። አንጀቱ እዚያው ታንቆ ከቀረ ደም አይደርሰውም፤ ይሞታል። እስከዚያው ከባድ ነገር እንዳታነሳ።» ለአልጋው፣ ለኦፕራሲዮኑና ለመድኃኒቱ ሲደመር መቶ ሰማንያ ብር አሉን። መቶ ሰማንያ! ገብረየሱስ ሌሊትና ቀን ሰፍቶ፣ እኔም በርበሬ ቸርችሬ፣ በወር ስልሳ ብር ካገኘን እሰይ የምንል ሰዎች ነን፤ እሱም ለኪራይ፣ ለክር፣ ለቀለብ ብሎ በየት እንደሚሄድ አይታወቅም። እቁቤን ቀድሜ በልቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የእኔ መዞር የጀመረው። ሰው ገበያ ዞሮ ጨርቅ እንደሚያማርጥ፣ እኔ ባሌን ማን ርካሽ አድርጎ ያሳክምልኝ ይሆን እያልኩ ዞርኩ።

መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ። ለድኻ የነፃ ሕክምና ወረቀት ይሰጣል ብለውኛል። ጓድ ሚደቅሳ የሚባል ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አነጋገሩ ሁሉ ስብሰባ ነው።

«የገቢ ምንጫችሁ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ባሌ ልብስ ይሰፋል።»

«በራሱ መኪና?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«እንግዲያው የማምረቻ መሣሪያ አላችሁ» አለና ብዕሩን አስቀመጠ። «ንዑስ ከበርቴ ናችሁ። ይሄ ወረቀት ምንም ለሌለው ነው።»

ወይ ጉድ! ከበርቴ! እዚያው እግሬን ዘርግቼ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ነጠላዬን ገልብጬ ቀዳዳውን ላሳየው አሰብኩና ተውኩት። «ጓድ፣ ቤታችን መጥታችሁ እዩት፤ ዝናብ ሲመጣ የምናፈሰውን ውሃ ብትቀዱት ለቀበሌው ሁሉ ይበቃል» አልኩት። ፈገግ አለ፤ ወረቀቱን ግን አልሰጠኝም። መኪናዋ ከሌለችን መጥተን እንድናመለክት ነገረኝ። መኪናዋ ከሌለችን ምን በልተን እስከዚያ እንደምንደርስ አልነገረኝም።

ቀጥዬ የልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሄድኩ። እዚያ ደግሞ አባል የሆነ ሰው ሲታመም ማኅበሩ ግማሹን ይችልለታል። አባል ለመሆን ግን መኪናዋን ለማኅበሩ ማስረከብ ነው። ተረክበው መዝግበው፣ ገብረየሱስም ደሞዝተኛ ሆኖ፣ ሕክምናው ከሚመጣው በጀት ዓመት ይጀምርለታል። «ከሐምሌ በኋላ ማለት ነው?» ስላቸው «ከሐምሌ በኋላ» አሉኝ። ያን ጊዜ ጥቅምት ነበር።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተሰንበት ደግሞ በየማለዳው በሬ ላይ ቆማ እድሯን ታሞግሳለች። «የኛ በወር ሁለት ብር ብቻ ነው! ድንኳኑ አዲስ፣ አግዳሚው ባለ መደገፊያ፣ ድስቱ ብትይ ሰው ይቀቅላል!» ትለኛለች።

«ለታመመ ሰውስ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ለታመመማ እንጠይቃለን! ሰብሰብ ብለን ሄደን እግዜር ይማርህ እንለዋለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወይ ይድናል፣ ወይ ለእኛው ነው» አለችና በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ነገሩ እውነት ነው።

በመጨረሻ ያገኘሁት የአቶ ሸዋንግዛውን እድር ነው። አቶ ሸዋንግዛው ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ እሳቸው ነበሩ። ያ እድር ከሌላው የሚለየው ለታመመ አባልም መክፈሉ ነው፤ ለኦፕራሲዮን እስከ መቶ ሃምሳ ብር ድረስ! በወር አምስት ብር ነው፤ መግቢያው ሃያ። ውድ ነው፤ ይሁን።

«ግን ልጄ» አሉኝ አቶ ሸዋንግዛው፣ «ደንቡን ልንገርሽ። የሕመም የሚከፈለው አባሉ በገባ ስድስት ወር ሲሞላው ነው። የሞት ግን የመጀመሪያዋን አምስት ብር ከከፈለባት ቀን ጀምሮ ነው። ሁለት መቶ ብር፣ ወዲያው።»

«ምነው አባቴ? የሕመሙ ለምን ይዘገያል?»

«ተታለልን እኮ! ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሰዉ ታሞ ይገባል፣ ታክሞ ይወጣል፣ ከዚያ ዓይኑን አናየውም።» ባርኔጣቸውን አገላበጡት። «ታሞ የሚያታልል ሞልቷል። ሞቶ የሚያታልል ግን እስካሁን አላየንም።»

ያን ቀን ይሄ ነገር አሳቀኝ። ለገብረየሱስም ነገርኩት፤ እሱም ሳቀ፤ ስቆ ስቆ ብሽሽቱን ያዘ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የደንበኛ ጥቁር ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ልብስ ሰፊ የሚያሰምርባትን ደረቅ ሳሙና አነሳና ሱፉ ላይ አራት መስመር አወረደ። «በይ ንገሪኝ፤ እንለካው» አለኝ። ልማዱ ነው፤ ሳይለካ ምንም አይቆርጥም።

ቀበሌ፣ ነፃ፤ ዋጋው ግን መኪናዋ። ማኅበሩ፣ ግማሽ፤ ዋጋው እሱም መኪናዋ፣ ደግሞም እስከ ሐምሌ መጠበቅ። የወለተሰንበት እድር፣ ሁለት ብር፤ ጥቅሙ እግዜር ይማርህ። የአቶ ሸዋንግዛው፣ አምስት ብር፣ ስድስት ወር፣ መቶ ሃምሳ ብር። የጎደለውን እኔ በርበሬዬን አብዝቼ እሞላዋለሁ።

«መኪናዋን እንሽጣት፤ ዛሬውኑ ታከም» አልኩት። «በኋላ እግዜር ያውቃል።»

«ልጁን ሸጦ የሚታከም አባት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ብረት ናት!»

«ብረት ናት፤ ግን የምታበላን እሷ ናት። ድኜ ምን ልሥራ? በጥርሴ ልስፋ?» አለኝ። ንግግሩ ልክ ነበር፤ የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው። «ዓመት ሙሉ ተሸክሜው የለ? ስድስት ወር ምን አላት? ከባድ ነገር አላነሳም፤ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ፤ በሚያዝያ ተሠርቼ እገባለሁ።» በእጁ ጫፍ ሳሙናውን ከሱፉ ላይ አራገፈና ልኩ ትክክል እንደሆነ ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን ቀረን። ያ እድር የታመመ ሰው አይመዘግብም። አዲስ አባል ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ፣ ቆሞ፣ ታይቶ ነው የሚገባው። ምዝገባው ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነበር። ጠዋት መቀነቴን ፈትቼ ታችኛው ሆዱ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠምኩለት፤ እየጎተትኩ ሳጠብቀው «ልታዋልጂኝ ነው?» እያለ ያስቀኛል። ከላይ ኮቱን ለበሰ። ኮት ለብሶ ሲቆም እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ! እኔ ራሴ በሽታውን ረሳሁት።

አቶ ሸዋንግዛው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሕመምተኛ እንደማንመዘግብ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ጤንነትህስ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይሄው ነው። ሌላ ቃል አልተነፈሰም። በኋላ እኔ ስጠይቀው «ምን ዋሸሁ? ፈጣሪን ማመስገን ውሸት ነው?» አለኝ። እነሱም «በርታ ያለ ሰው ነው» ብለው መዘገቡት። ከዚያ ገንዘቡን ከፍለን ልንነሳ ስንል አቶ ሸዋንግዛው ጨመሩና፣ «መቼም ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አባል ዓመት እስኪሞላው ድንኳን ተካይ ነው። ምሰሶውንም አግዳሚውንም የሚሸከመው አዲስ የገባው ነው» አሉ።

የትኛውም እድር እንደዚያ ነው እኮ! ድንኳን አዲስ አባል ይተክላል፤ ልደታም ተክለ ሃይማኖትም ያለ ወግ ነው፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ስንለካ ብሩን ለካን፣ ወሩን ለካን፤ ይሄን ግን ሁለታችንም ወግ ነውና ከቁም ነገር አልጣፍነውም።

ገብረየሱስ ግን አልደነገጠም፤ ወይም አላሳየም። «እኔ እንኳ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጌታዬ። ድንኳናችሁ የተቀደደ ካለው እኔ ልስፋላችሁ፤ ሸክሙን ለጎረምሶቹ ተዉት» አላቸው። ደስ አላቸው። ድንኳኑ ለካስ ወንፊት ሆኗል! ያንኑ ሳምንት አምጥተው ክፍላችን ውስጥ ዘረገፉት፤ አልጋችን ጠፋ። በሰም በተነከረ ክር፣ ቀዳዳውን በድርብ ጨርቅ እየደፈነ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ አሳምሮ ሰፋው። አቶ ሸዋንግዛው መጥተው አዩና እጁን ያዙት። «ስለ ስፌቱ እናመሰግንሃለን። ሸክሙ ግን የሁሉም ነው፤ ለአንዱ ብንተው ሌላው ይቀየመናል» አሉት።

ከዚያ በኋላ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር የእኔን ነገር አትጠይቁኝ። ማለዳ ጥሩምባው «ጥሩ!» ሲል ሌላው ሰው «ማን ይሆን የሞተው?» ይላል፤ እኔ «ምሰሶው!» ነው የምለው። የሟቹን ስም እንኳ አልሰማም ነበር። ኃጢአት ነው፤ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀረና ቅጣት ከፈለ። ሁለተኛው ላይ ሄደ። ባለ ሱቁ ኑሪ ከእሱ ጋር የገባ አዲስ አባል ነው፤ እንደ በሬ ያለ ጎበዝ። እሱ የምሰሶውን ወፍራም ጫፍ ሲይዝ ገብረየሱስ ቀጭኑን ያዘ፤ በሰላም ገባ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ኑሪ ምንም አያውቅም፤ ገብረየሱስ ግን «ይሄን ልጅ እግዜር ነው የላከልኝ» ይል ነበር። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት አለፈ። በርበሬዬን አብዝቼ ሸጬ የጎደለውን ሞላሁት። ሐኪሙም ዘንድ ሄደን ከፋሲካ በኋላ ያለ ቀን ያዝን። አንድ ወር ብቻ ቀረን።

መጋቢት ላይ እማማ የሻረግ ሞቱ። ዕድሜ የጠገቡ አሮጊት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔ ግን ምናለ ፋሲካን ቢያሳልፉ ብዬ ተቆጥቼባቸዋለሁ። የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አደረ። ጥሩምባው ሲነፋ ገብረየሱስ ተነሳና መቀነቴን አነሳ።

«አትሄድም!» አልኩት። «ቅጣቱን እንከፍላለን።»

«ሁለቴ በተከታታይ የቀረ አባል ይሰረዛል። ባለፈው ቀርቻለሁ፤ ረሳሽው?» ባለፈው ሳምንት የልጅ ለቅሶ ላይ በትኩሳት ቀርቶ ነበር። «አሁን ብሰረዝ አምስት ወራችን ውሃ በላው ማለት ነው።»

«ኑሪ አለ አይደል?»

«ኑሪ አለ» አለኝ።

ኑሪ አልነበረም። ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ናዝሬት ሄዶ ነበር። ይህን የሰማሁት እኔ ለቅሶ ቤት ስደርስ ነው። ስደርስ ገብረየሱስ ዝናብ የጠጣውን ድንኳን ተጠቅልሎ እንዳለ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ከጋሪው ላይ ያወርዳል። አንደኛው ሽማግሌ ጭቃ አዳለጠውና ለቀቀ። ክብደቱ ሁሉ ወደ ገብረየሱስ ዞረ። ለቀቀው? አልለቀቀም። ፊቱን አየሁት። ከንፈሩ ነጣ። ድንኳኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ፣ ቀና አለ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ምሰሶ ሊያነሳ ሄደ። እኔ ሴቶች መሃል ቆሜ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ አንዲት ቃል ልተነፍስ አልቻልኩም። «ባሌ ታሟል» ብዬ ብጮህ ስሙ ይሰረዛል። ዝም ብል ደግሞ ምሰሶውን ያነሳል። ዝም አልኩ፤ አነሳው።

ቤት ስንገባ ላብ በላብ ሆኗል። ተጋደመ፤ የወጣው ግን አልተመለሰም። «አሁን ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ይመለሳል» እያለ እጄን ያዘኝ። ሆስፒታል እንሂድ ስለው «ትንሽ ብቻ ልረፍ» ይላል። ሰዓት እላፊው ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ከደጅ የሚወጣ የለም። ሲነጋ በሰው ጀርባ ወሰድነው።

ወጣቱ ሐኪም እንዳየው ቃል ሳይጨምር አስገባው። ገንዘብም አልጠየቁን፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። «ክፍያው በኋላ፤ ግን መድኃኒት ግዙ» አሉኝ። እኔ ወደ አቶ ሸዋንግዛው ቤት ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቡአውንም፣ መቀነቱንም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»ንም። ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ሰሙኝና ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«ልጄ፣ ምነው ያኔ ብትነግሩን?»

«ብነግራችሁ ትመዘግቡት ነበር?»

«አንድ ወር ይቀረዋል» አሉ። «እኔ ብፈቅድ ነገ ሁሉም ይመጣብኛል። እድሩ የእኔ አይደለም እኮ።» ኪሳቸውን ዳበሱና ያላቸውን አሥር ብር አውጥተው እጄ ላይ አስጨበጡኝ። ልሰድባቸው ነበር የመጣሁት። አሥሯን ብር ይዤ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ክፉ ሰው ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ያን ቀን ከማን እንደምጣላ ፈልጌ አጣሁ።

ስመለስ ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንጀቱ ታንቆ አድሮ ጠቁሯል አለኝ። ቆርጠን አውጥተናል፤ መርዙ ግን ደሙ ውስጥ ገብቷል አለኝ። ቀድሞ ቢሆን ቀላል ነበር አላለኝም፤ ሊለኝ ከንፈሩን ከፈተና ተወው። ገብረየሱስ አንዴ ነቃ። «መኪናዋን ዘይት አጠጫት፤ በልግ ነው፤ ትዝጋለች» አለኝ።

ጥሩምባው በማግስቱ ለእሱ ተነፋ።

ከልደታ ቀብረነው ስንመለስ ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተክሏል። የተከለው ኑሪ ነው፤ ብቻውን ማለት ይቻላል፤ ማንንም አላስጠጋ አለ። ገና ከመቀመጣችን ያ ዝናብ ደግሞ መጣ። ሰዉ አግዳሚውን እየጎተተ ወደ መሃል ሊጠጋ ሲል ውሃ ጠብ እንኳ አላለም። አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ አየና «ይሄ ድንኳን ወንፊት አልነበረም እንዴ? ማን ጠገነው?» አለ። ኑሪ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዙሮ እንደ ልጅ አለቀሰ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ሰውየውን በክርኗ ጎነጠችው። እኔ ወደ ላይ አየሁ። ድርቡ ጨርቅ፣ ሰም የነካው ክር፣ እኩል እኩል የተረገጠው ስፌት ከራሴ በላይ ነበር። አልጋችን ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰፋው ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ ታየኝ።

አቶ ሸዋንግዛው ከእድሩ ጸሐፊ ጋር መጡና አጠገቤ ዝቅ አሉ። ጸሐፊው ብሩን አወጣና ቆጥሮ እጄ ላይ አኖረው። ሁለት መቶ ብር። እንዳሉትም ወዲያው ነው፤ አንድ ቀን አላሳደሩትም።

እኔም ቆጠርኩት። «ይበቃል» አልኳቸው።

«ምኑ ነው የሚበቃው፣ ልጄ?»

«ኦፕራሲዮኑ። መቶ ሰማንያ ነው ያሉን። ይሄ ሃያ ብር ይተርፈዋል።»

ሴቶቹ ተያዩ። «ሐዘን ነው፤ ተዉአት፤ አትመልሱላት» ሲባባሉ ሰማኋቸው። እኔ ግን አእምሮዬ እንደዚያን ሰዓት ጠርቶ አያውቅም። አቶ ሸዋንግዛው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አቀርቅረዋል።

«ይሄ ለሰልስቱና ለአርባው ነው፣ ትርፌ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ጸሐፊው መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ቀለሙን አቀረበልኝ። መፈረም አላውቅም። አውራ ጣቴን ነክሬ እሱ ባሳየኝ ቦታ ላይ ተጫንኩት።